የት ታውቃለህ?

ስሙኝማ። ጨዋታው የሚጀምረው ድልድይ ላይ ነው። ወንዙ ሃኦ ይባላል፤ አገሩ ቻይና፣ ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት አራተኛው መቶ ዓመት። ሁለት ወዳጆች ድልድዩ ላይ ወዲህ ወዲያ እያሉ ነፋስ ይቀበላሉ። አንደኛው ጁዋንግ ዡ ነው፤ ኋላ ሰው በአክብሮት ጁዋንግዚ ያለው፣ ንጉሥ ሹመት ቢልክለት እምቢ አለ የሚባልለት። ሁለተኛው ሁይ ሺ ነው፤ በዌይ መንግሥት ትልቅ ሹመት የጨበጠ፣ ክርክር ከእህል ውሃ የሚጥመው ሰው።

ጁዋንግዚ ጎንበስ ብሎ ወደ ውሃው አየ። ትንንሽ ዓሦች እንዳሻቸው ይፈነጫሉ። ዓሣ ደስ ሲለው እንዲህ ነው፣ አለ።

ሁይ ሺ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የሚያልፍ ሰው አይደለም። አንተ ዓሣ አይደለህም፤ የዓሣን ደስታ የት ታውቃለህ? አለው።

አንተስ እኔን አይደለህም፤ አለማወቄን የት ታውቃለህ? አለ ጁዋንግዚ።

ሁይ ሺ ይሄኔ ፊቱ በራ። ገባልኝ ብሏል። እኔ አንተን ስላልሆንኩ አንተን አላውቅም፣ ይሁን። አንተም ዓሣ ስላልሆንክ ዓሣን አታውቅም። አለቀ፣ ደቀቀ!

ጁዋንግዚ ግን ቆይ አለው። እስቲ ወደ መነሻው እንመለስ። የት ታውቃለህ ብለህ ስትጠይቀኝ ማወቄን ተቀብለህ ነው፤ የጠየቅኸኝ ቦታውን ነው። ቦታውማ ይኸው፦ እዚሁ፣ ወንዙ ላይ።

ይህን ጨዋታ አንድ እሑድ ለአክስቴ አወጋሁላቸው። ቶናው ላይ ደርሰናል፤ ጀበናውን በቀኝ እጃቸው ዘንበል አድርገው እየቀዱ ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ መቅዳታቸውን አቆሙና፣ ጀበናውን ማቶቱ ላይ መልሰው፣ ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ። «ይሄ ነገረኛ!» አሉ። «የት ቢለው ጊዜ ቦታ ነገረው!»

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ ተገረምኩ እንጂ። ምክንያቱም ጨዋታውን መጀመሪያ ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሳቁ የሚገኘው ከገጹ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል በተጻፈ ማብራሪያ ውስጥ ነው። የቻይናው ቃል «አን» ነው፤ «እንዴት» ማለትም ይሆናል፣ «የት» ማለትም ይሆናል። ሁይ ሺ በአንዱ ጠየቀ፣ ጁዋንግዚ በሌላው መለሰ። የእንግሊዝኛው ተርጓሚ «እንዴት» ብሎ ከጻፈ መልሱ ከጥያቄው ጋር አይገጥምም፤ «ከወዴት» ካለ ደግሞ ማንም እንዲያ ብሎ አይጠይቅም። እኛ ዘንድ ግን «እሱ የት ያውቃል!» ስንል ቦታ የጠየቀ የለም። አያውቅም ማለታችን ነው። አክስቴ የአንድም የቻይና ፊደል ቅርጽ ሳይለዩ፣ ሊቃውንት በማብራሪያ የደረሱበት ቦታ በአንድ ስኒ ቡና ደረሱ።

እናላችሁ፣ ከዚያ እሑድ ወዲህ «የምዕራብና የዳኦ ፍልስፍና ሲነጻጸር» የሚል ርዕስ ባየሁ ቁጥር፣ ዳኦ የሚሉት የነጁዋንግዚን ትምህርት ነውና፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ሚዛኑ የማን ነው ብዬ ነው። እህል ከመመዘኑ በፊት ሚዛኑ ይታይ። ዛሬም የማወጋችሁ የዚያን ሚዛን ነገር ነው፤ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እየጠራሁ።

ዓሦቹ ሩቅ ተጉዘዋል። በ1910 ማርቲን ቡበር የሚባል ወጣት አይሁዳዊ ጸሐፊ የጁዋንግዚን ጨዋታዎች በጀርመንኛ አሳተመ፤ ዋና መነሻው የእንግሊዝኛ ትርጉም ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1930፣ ጀርመናዊው ፈላስፋ ማርቲን ሃይደገር ብሬመን ከተማ ስለ እውነት ምንነት ንግግር አደረገ። ማታ በአንድ ነጋዴ ቤት ተሰብስበው ሲጨዋወቱ፣ ሰው በሌላ ሰው ቦታ ራሱን ማስቀመጥ ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣና ወሬው መላ አጣ። ሃይደገር ድንገት ወደ ቤቱ ጌታ ዞሮ የጁዋንግዚ መጽሐፍ ይኖርሃል? አለው። ሰውዬው የቡበርን መጽሐፍ አመጣ፤ ሃይደገርም የዓሦቹን ጨዋታ አነበበላቸው። ከተገኙት አንዱ ፔትዜት ትዝታውን ጽፎታል። ከቻይና ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ፣ ከዚያም ሳሎን ውስጥ። እንግዶቹ እንደ አክስቴ ይሳቁ አይሳቁ እንጃ፤ ጨዋታው ግን ከንግግሩ በላይ ነገሩን ከፈተላቸው ይባላል።

እስቲ አሁን አንዲት ቀላል ነገር ልጠይቃችሁ። «ቡናው አለ» እና «ቡናው መራራ ነው» አንድ ናቸው? አይደሉም። አንዱ መኖሩን ይነግረናል፣ ሌላው ምን ዓይነት መሆኑን። ሁለት ግስ፣ ሁለት ሥራ። አሉታውም ለየብቻ ነው፦ «የለም» እና «አይደለም»። ልጅ እንኳ አያቀላቅላቸውም።

ግሪኮች ግን ለሁለቱም አንድ ግስ ነበራቸው፤ «ኤይናይ» ይባላል። ያለውም በሱ፣ የሆነውም በሱ። የእንግሊዝኛውና የጀርመንኛው ግስም እንደዚያው ነው። እና አንድ ግስ ይህን ያህል ሲሸከም፣ አንድ ጎበዝ መጥቶ «ይህ ሁሉ ነገር የሚጋራው፣ ይህ ግስ የሚጠራው ነገር ራሱ ምንድን ነው?» ማለቱ የት ይቀራል? መጣም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በደቡብ ኢጣሊያ ኤልያ በምትባል የግሪኮች ከተማ፣ ፓርሜኒደስ ግጥም ጻፈ። በግጥሙ ውስጥ አንዲት አምላክ ለአንድ ወጣት ሁለት መንገድ ታሳየዋለች። አንዱ የሚያስኬድ ነው። ሌላው፣ የሌለው ነገር መንገድ፣ ሊታሰብም ሊነገርም የማይችል ነውና ተዘጋ። የመጀመሪያውን መንገድ በአማርኛ ስሙን ጥሩት ቢባል ምን እንለዋለን? የ«አለ» መንገድ? ወይስ የ«ነው» መንገድ? አያችሁ፣ አማርኛ ምረጡ ይላል። ፓርሜኒደስ መምረጥ አላስፈለገውም፤ ሊቃውንቱም እስከ ዛሬ የትኛውን ማለቱ ነው እያሉ ይጨቃጨቃሉ።

በ1958 ኤሚል ቤንቬኒስት የሚባል የፈረንሳይ የቋንቋ ሊቅ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ጻፈ። አርስቶትል ያለውን ነገር ሁሉ በአሥር ክፍል መድቦታል፦ ምንነት፣ መጠን፣ ዓይነት፣ ዝምድና፣ ቦታ፣ ጊዜ እያለ። ቤንቬኒስት አሥሩን አንድ በአንድ ገልጦ፣ ጌታዬ፣ እነዚህ የዓለም ክፍሎች ሳይሆኑ የግሪክኛ ሰዋስው ክፍሎች ናቸው አለ። ይህ ስም፣ ይህ ቅጽል፣ ይህ ተውሳከ ግስ፣ ይህ የግስ እርባታ። ለማነጻጸሪያ የወሰደው ደግሞ በቶጎ የሚነገረውን ኤዌ የተባለ የአፍሪካ ቋንቋ ነው፤ እዚያ የግሪኩ አንድ ግስ የሚሠራው ሥራ ለአምስት ግሶች ተከፋፍሏል። የተቃወሙት ብዙ ናቸው። እኔም እስከ ጥግ አልከተለውም፤ የማልከተልበትን ምክንያት ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከሱ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በ1959፣ ብሪታኒያዊው የቻይንኛ ሊቅ ኤ. ሲ. ግራሃም ያንኑ ጥያቄ ወደ ቻይና ወሰደው። ጥንታዊው ቻይንኛ ለመኖር «ዮው»፣ ላለመኖር «ዉ» አለው። «ይህ ያ ነው» ለማለት ግን ግስ አያሻውም፤ ሁለቱን ስም ጎን ለጎን ያስቀምጥና መጨረሻው ላይ «ዬ» በምትባል ቃል ይዘጋዋል። ስለዚህ መኖርና መሆን አንድ ቤት አላደሩም። እዚህ ላይ ወንበሬን ወደ እናንተ ሳብ ላድርግ፤ ምክንያቱም «ዮው» ሌላም ሥራ አለው፦ ንብረት ማለትም ነው። ገንዘብ አለ፣ ገንዘብ አለኝ። ግራሃም ይህን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ለማስረዳት ብዙ ደክሟል። እኛ ግን «አለ» ብለን «ኝ» ጨመርንበት፣ አለቀ። «ዉ» ደግሞ ያው የኛ «የለም» ነው። «የለኝም» ስንልም ያው።

አትቸኩሉ፤ ቻይና ሆንን ብላችሁ እንዳትኮሩ። «ትናንት ቡናው ነበር»፤ «ትናንት ቡናው መራራ ነበር»። ወዴት ሄደ ልዩነቱ? ጠፋ! በአሁን ጊዜ ከቻይና ጋር ነን፣ በኃላፊ ጊዜ ግን ግሪክ ነን። ይህን ያህል ዘመን አማርኛ ስናገር አላስተዋልኩትም ነበር። ማን ያስተውለዋል?

አሁን የአክስቴን ጀበና አምጡልኝ። ዳኦ ዴ ጂንግ የሚባለው የቻይናዊው ሊቅ የላኦዚ መጽሐፍ 81 ምዕራፍ አለው፤ አሥራ አንደኛው ስለ መንኮራኩር፣ ስለ ሸክላ ዕቃና ስለ ቤት ነው። የመንኮራኩሩ ሠላሳ ብትር አንድ እምብርት ላይ ይገናኛል፤ ጋሪውን የሚያስኬደው ግን እምብርቱ መሐል ያለው ባዶ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃ አቡክታ ዕቃ ታበጃለች፤ ቡና የሚቀመጠው ግን ጭቃ በሌለበት ነው። ቤትም እንዲሁ፤ የምንገባው በግድግዳው ሳይሆን ግድግዳ በሌለበት ነው። መጽሐፉ ለዚህ ባዶ የሚሰጠው ስም እዚያው «ዉ» ነው። የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች እዚህ ሲደርሱ ቃሉን ያከብዱታል፤ «አለመኖር» የሚል የፍልስፍና ካባ ይደርቡለታል። ጀበናውን ወደ ውስጥ ያየ ሰው የሚለው ግን «ምንም የለም» ነው፤ ያቺው የየቀኑ «የለም»። ፓርሜኒደስ በአጥር የዘጋው መንገድ ላይ ላኦዚ ቤት ሠርቶ፣ በርና መስኮት አውጥቶ፣ ቡና አፈላበት።

መንገድ ካልን ዘንድ ወደ ራሱ ወደ «ዳኦ» እንሂድ። ሲማ ቺየን የሚባለው የታሪክ ጸሐፊ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 100 ገደማ፣ እንዲህ ብሎ አውርቷል። ላኦዚ የዡ መንግሥት የመዛግብት ጠባቂ ነበር። መንግሥቱ ሲያዘቀዝቅ አየና ዕቃውን ሸክፎ ተነሣ። ኬላ ላይ ሲደርስ ኬላ ጠባቂው ዪን ሺ አስቆመው። መሄድህ ካልቀረ መጽሐፍ ጻፍልኝ አለው። ላኦዚም አምስት ሺህ ያህል ፊደል ጽፎ፣ ሰጥቶት፣ ሄደ። ወዴት እንደደረሰ ያወቀ የለም። ሲማ ቺየን ራሱ ሰውዬው ማን እንደነበር ተምታቶበት ሌሎች ስሞችም ጠቃቅሷል። እኔ የምወድለት ኬላውን ነው። ሰውዬው ትልቁ ነገር በቃል አይያዝም ባይ ነው፤ የተጠየቀው ቀረጥ ግን ቃል ሆነ። ከፈለ፣ አለፈ።

ፊደሉን በቅርብ እንየው። «ዳኦ» ሲጻፍ ሁለት ነገር ተጣምሮ ነው፤ የጭንቅላት ምልክት አለ፣ ከሥሩ ደግሞ የመሄድ ምልክት። ጭንቅላት የሚሄድበት። መንገድ ማለት ነው፤ መምራት ማለትም ነው፤ ደግሞም መናገር ማለት ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ሐረግ ስድስት ፊደል ብቻ ናት፤ ከስድስቱ ሦስቱ ይኸው «ዳኦ» ናቸው፤ አንደኛውና ሦስተኛው እንደ ስም፣ መሐለኛው እንደ ግስ። ጊዜ የለ፣ ቁጥር የለ፣ «ው» እና «ዋ» ብሎ የሚለይ ነገር የለ። ስለመንገድ ነው ወይስ ስለንግግር? ሁለቱም ነው፤ እኩል ነው። እዚህ ላይ «ሰምና ወርቅ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ሰም ቀልጦ ይፈስሳል፣ ወርቁ ይቀራል። እዚህ የሚቀልጥ የለም።

ለዚህ የሚጠጋ ቃል ካለን «ነገር» ነው። «ነገሩ ምንድን ነው?» ስንል ስለ ጉዳዩ ነው፤ «ነገርኩት» ስንል ስለ ንግግር ነው፤ «ነገር ፈለገኝ» ስንል ጠብ ነው። አክስቴ ጁዋንግዚን «ነገረኛ» ሲሉት፣ ሳያውቁት የሰውዬውን መዝገብ በአንድ ቃል ገለጡት። ዕቃውም ወሬውም በአንድ ቃል ሲጠራ ለሰሚው አይገርመውም፤ ለተርጓሚው ነው ዳገት የሚሆነው።

ተርጓሚዎቹስ ምን አደረጉ? እያንዳንዱ የራሱን ፊት አየበት። በ1823 ፈረንሳዊው አቤል ረሙዛ አሥራ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሦስት ፊደል አገኘ፦ «ዪ»፣ «ሺ»፣ «ዌይ»። አንዱ የማይታይ፣ አንዱ የማይሰማ፣ አንዱ የማይጨበጥ ማለት ነው። ረሙዛ ግን ሦስቱን አንድ ላይ አንብቦ የዕብራውያን አምላክ ስም ነው አለ! ላኦዚ ከወዴት ወዴት ሄዶ የሙሴን አምላክ ስም ሰማ? ተማሪው ስታኒስላስ ዡልየን በ1842 ሙሉውን መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ መልሶ፣ የመምህሩን ግኝት ውድቅ አደረገ። በ1911 ጀርመናዊው ሪቻርድ ቪልሄልም «ዳኦ»ን «ዚን» አለው፤ ፍቺ፣ ትርጉም ማለት ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ሌግ፣ የኦክስፎርድ የመጀመሪያው የቻይንኛ ፕሮፌሰር፣ በ1891 ቃሉን አልተረጉምም ብሎ እንዳለ ተወው። ይሄኛው ይሻላል እል ነበር። ግን በእንግሊዝኛ ሳይተረጎም የቀረ ቃል በትልቁ ፊደል ይጀምራል፤ በትልቁ ፊደል የጀመረ ቃል ደግሞ እንደ ታቦት በመጋረጃ ይሸፈናል፤ ማንም ደፍሮ አይነካውም። የቻይና ጽሕፈት ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። የኛም የለውም። «ዳኦ» ብዬ ስጽፍላችሁ ከ«ዳቦ» ተለይቶ አልተነፋም።

በሌላ በኩል ደግሞ የቻይና ክርስቲያኖች መጽሐፍ ቅዱስ አለ። የዮሐንስ ወንጌል መክፈቻ ላይ ግሪኩ «ሎጎስ» ይላል፤ እኛ «ቃል» አልነው። በ1919 የወጣውና እስከ ዛሬ በሰፊው የሚነበበው የቻይንኛ ትርጉም «ዳኦ» አለው። የኛ ሰው «ቃል» ሲሰማ አፍ ይታየዋል። የቻይናው ሰው እግርም ይታየዋል።

ሌላ የሚያስቅ ነገር ልጨምርላችሁ። በ1973 ቻንግሻ አጠገብ፣ ማዋንግዱይ ከሚባል ጉብታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 የተዘጋ መቃብር ሲቆፈር፣ ሐር ላይ የተጻፉ ሁለት የላኦዚ ቅጂዎች ተገኙ። ሁለቱም መጽሐፉን ከሁለተኛው አጋማሽ ይጀምሩታል! ያ ዓለም ሁሉ የመክፈቻ ነው ብሎ የተፈላሰፈበት ሐረግ እዚያ መሐል ላይ ነው። ደግሞም በሐረጉ ውስጥ ፈረንጆቹ «ዘለዓለማዊ» እያሉ የተረጎሙት «ቻንግ» የሚል ቃል ነበር፤ ሐሩ ላይ ያለው ግን «ሄንግ» ነው። ምን ሆኖ ተለወጠ? ንጉሥ ዌን ስሙ ሊዩ ሄንግ ስለነበረ። የንጉሥ ስም መጻፍ ነውር ነውና ጸሐፍት በሌላ ቃል ተኩት። ስለ ዘለዓለም ስንት መጽሐፍ የተጻፈበት ቃል፣ ንጉሥ ፈርቶ የገባ ነው።

ወደ ሃይደገር ልመለስ፤ ጀርመን ውስጥ ትቼው መጥቻለሁ። በ1946 ሰውዬው በናዚ ፓርቲ አባልነቱ የተነሣ ከማስተማር ታግዷል፤ መታገዱም የሚገባው ነበር ባይ ነኝ። ፍራይቡርግ ከተማ የእንጨት ገበያ አደባባይ ላይ ሲያዎ ሺዪ ከሚባል ቻይናዊ ምሁር ጋር ተገናኘ። ሲያዎ ላኦዚን ወደ ጣልያንኛ ተርጉሞ ነበር። ና በጋውን አብረን ወደ ጀርመንኛ እንመልሰው፣ አለው ሃይደገር። ቶትናውበርግ ተራራ ላይ ባለችው ጎጆው ተቀመጡ። ሃይደገር ቻይንኛ አይችልም። እያንዳንዱን ፊደል፣ ይህ ሌላ ምን ማለት ይሆናል፣ ያኛውስ፣ እያለ ሲያዎን አፋጠጠው። በጋው አለቀ፤ ከ81 ምዕራፍ የተሠራው ስምንት ነው። ሲያዎ ቆይቶ እንደጻፈው ልቡ ሰግቶ ነበር፤ ሃይደገር የሚይዘው ማስታወሻ ከትርጉም አልፎ እንዳይሄድ። በሌላው ዓመት አልቀጠለም። ስለ ደፍራሽ ውሃ በእርጋታ መጥራት የሚናገሩትን ሁለት ሐረጎች ግን በቀለም ጽፎለት፣ ሃይደገር ግድግዳው ላይ ሰቀላቸው።

ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ሃይደገር ስለ ቋንቋ ባደረገው ንግግር፣ «ዳኦ»ን አእምሮ፣ መንፈስ፣ ፍቺ እያላችሁ አበላሻችሁት፤ መንገድ ነው፣ መንገድን ሁሉ የሚያስኬድ መንገድ፣ አለ። ደስ ይላል። ግን ልብ በሉ፣ እሱ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ መንገድ መንገድ ሲል የኖረ ሰው ነው። ረሙዛ አምላኩን አገኘ፣ ሃይደገር መንገዱን አገኘ። አክስቴም ነገረኛ አገኙ፤ እኔም «አለ» እና «የለም» አገኘሁ። ማን ማንን ይታዘባል?

«ፍልስፍና» የሚለው ቃል ራሱ የማን ሆነና! የኛው ቃል መነሻው ግሪክኛ ነው። ቻይናዎች ዛሬ «ዠሹዌ» ይሉታል፤ ቃሉን በ1874 በመጽሐፍ ያስተዋወቀው ግን ኒሺ አማኔ የሚባል ጃፓናዊ ነው፣ የምዕራቡን ትምህርት ለመጥራት ብሎ። ጁዋንግዚ ፈላስፋ ነህ ቢሉት ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ ያይ ነበር።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ከቤንቬኒስት የምለየው። ሰዋስው እስር ቤት ቢሆን ኖሮ፣ ግሪክኛ ሎጂክ ወልዶ ቻይንኛ ዝምታ ብቻ በወለደ ነበር። ግን ሁይ ሺ ማን ነበር? በዚያው ቋንቋ፣ በዚያው ድልድይ ላይ የቆመ ተከራካሪ! የቻይናዊው አሳቢ የሞዚ ተከታዮችም ስለ ትርጓሜና ስለ ማስረጃ ጥርስ የሚያስነቅል ጽሑፍ ትተዋል። ጎንግሱን ሎንግ የሚባለው ደግሞ ነጭ ፈረስ ፈረስ አይደለም ብሎ ተሟግቷል። ፈረስ አምጣ ብትባል ጥቁሩም ይሆናል፤ ነጭ ፈረስ አምጣ ብትባል ግን ጥቁሩ አይሆንም፤ እንግዲያስ ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ ይላል። በ1983 ቻድ ሃንሰን የሚባል አሜሪካዊ ይህን ክርክር ይዞ፣ የቻይንኛ ስም እንደ «ውሃ» እና እንደ «ጤፍ» ነው፤ አንድና ብዙ ብሎ አይለይም፤ ስለዚህ ከብዙዎቹ ፈረሶች በላይ አንድ የፈረስ ምንነት እንደ ፕላቶ መፈለግ አላሻቸውም ብሎ ነበር። ተከራክረውታል። እኔም «ዛሬ ገበያው በግ ገብቶበታል» የሚለውን ሰው አስብና እስቃለሁ፤ ስንት በግ? አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነው። ቋንቋ አንዱን መንገድ ቁልቁለት፣ ሌላውን ዳገት ያደርገዋል። ዳገት የወጣ ሰው ግን በየአገሩ አለ።

የፈረሱን ጨርሼ ልሂድ። ኒ ዩዌ የሚባል ሌላ የነጭ ፈረስ ጠበቃ ነበር፤ ሃን ፌይዚ የሚባል የጥንት ጸሐፊ ነው ያወራው። በዚህ ክርክር ሊቃውንቱን ሁሉ አፍ አስያዘ። አንድ ቀን በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ኬላ ደረሰ። ቀረጥ ሰብሳቢው ፈረሱን አየ። ኒ ዩዌም የፈረስ ቀረጥ ከፈለ።

ዓመታት ነጎዱ። ሁይ ሺ ሞተ። ጁዋንግዚ ለሌላ ሰው ቀብር ሲሄድ በወዳጁ መቃብር አጠገብ አለፈ። ዓሣው ከተያዘ ወጥመዱ ይረሳል፣ ሐሳቡ ከተያዘም ቃሉ ይረሳል የሚለው ትምህርት ያለው በሱ ስም በሚጠራው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ያ ሰው ነው እንግዲህ ቆሞ ወደ ተከታዮቹ ዞር ብሎ ያወራው።

በዪንግ አገር አንድ ሰው ነበረ፤ አፍንጫው ጫፍ ላይ እንደ ዝንብ ክንፍ የሳሳ የኖራ ጠብታ ካረፈበት አናጢውን ሺን ይጠራል። ሺ መጥረቢያውን ያዞራል፣ ነፋስ እስኪያፏጭ ያዞረዋል፤ ያወርደዋል። ኖራው ይሄዳል፣ አፍንጫው ይተርፋል። ሰውዬው ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም። የሶንግ ገዢ ይህን ሰምቶ አናጢውን አስጠራና እስቲ ለኔም አሳየኝ አለው። አናጢው፦ ድሮ እችል ነበር፤ ሳልነቃነቅ ልቁምልህ የሚለኝ ሰውዬ ግን ሞቷል፣ አለ።

ጁዋንግዚ ይህን ተናገረና፣ እኔም እሱ ከሞተ ወዲህ የማዋራው ሰው የለኝም አለ። የተናገራት «የለኝም» ያቺው «ዉ» ናት።